የቋራው ካሣ፤ ለጌታ ስለ ማደርና ጌታን ስለ መልቀቅ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፥ ደጋው ከኋላው እየራቀ፥ ነፋሱ እየሞቀ፥ አፈሩም እየጠቈረ ሄዶ፥ በመጨረሻ ከሱዳን ወሰን ላይ ካለችው ከመተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማይቱ በዚህ ስም የተጠራችው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ በዚያ ቈስለው ስላረፉ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ስለ እርሳቸውም በየጊዜው ብዙ ተጽፏል። ከዚያው ቆላ፥ ከመተማ በስተ ደቡብ ካለው ከቋራ፥ ከእርሳቸው አስቀድሞ ስለ ተነሡት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ 2ኛም ቢሆን የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን የሚበዛው ጸሓፊ የሚቸኵለው ወደ ዘውዱና ወደ መቅደላው ነው። እኛ ዛሬ ልንናገር የወደድነው ከዘውዱ በፊት፥ ካሣ ኃይሉ ተብሎ በሰው ደጅ አገልጋይ ስለ ነበረበት ዘመን ነው።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዚያ በቆላው አገር ተመድበው የሚያገለግሉ ሰዎች፥ ካህናትም፥ የቀለም መምህራንም፥ የመንግሥት ሠራተኞችም፥ ወደ ደጋ በወጡ ጊዜ እየመጡ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁናል። የሚያማርሩት ሙቀቱንና ንዳዱን አይደለም፤ ያንንስ ለምደውታል። የሚያማርሩት ድካማቸው እንደ ድካም አለመቈጠሩን፥ አለቃቸው በሰው ፊት የሚያዋርዳቸው መሆኑን፥ ከእነርሱ በኋላ የመጣው እየተሾመ እነርሱ በነበሩበት መቅረታቸውን ነው። ታግሠው መቈየት ይሻላቸው ወይስ ለቅቀው መሄድ፥ ይህን እንድንነግራቸው ይፈልጋሉ።

መጻሕፍት ግን ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አልሰጡም። ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ፤ ደመወዙ ዐሥር ጊዜ ተለዋወጠበት፤ በመጨረሻም ቤተ ሰቡንና መንጋውን ይዞ በስውር ተነሥቶ ሄደ፤ እግዚአብሔርም በመንገዱ ጠበቀው። ኤልያስ ደግሞ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ ከክትክታው ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ እንጀራና ውኃ ተሰጥቶት፥ ወደ ተወው ሥራ እንዲመለስ ታዘዘ። የአንዱ መሄድ ተወደደለት፤ የሌላው መሄድ አልተወደደለትም። እንግዲህ ነገሩ በመሄድና በመቅረት ብቻ የሚፈረድ አይደለምና፥ የአንድን ሰው ኑሮ ከሥሩ ተከትሎ ማየት ይሻላል። ካሣ ደግሞ ጌታውን አንድ ጊዜ ብቻ የለቀቀ ሰው አይደለም፤ ለቀቀ፥ ተመለሰ፥ ዳግመኛ ለቀቀ፥ ዳግመኛ ተመለሰ፥ ሦስተኛም ለቀቀ። እያንዳንዱም አለቃቀቅ የተለየ ነበር።

በአንቱታ ሳንጠራው ብንቀር አንባቢ አይታዘበን። እስኪነግሥ ድረስ ካሣ ነው፤ ከነገሡ በኋላ ግን ንጉሥ ናቸው።

ካሣ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ገዥ ነበሩ፤ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ። አባቱ ሲሞቱ ሕፃኑ ገና ነፍስ ያላወቀ ነበርና ከአባቱ ሀብት የደረሰው ነገር አልነበረም። እናቱ በጎንደር ከተማ ችግር ላይ ወድቀው ኮሶ እየሸጡ አሳደጉት ተብሎ ይነገራል። ኮሶ ትልን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ባለጠጋውም ድኻውም ሁለት ወር ሳይሞላ የሚጠጣው ነው፤ ሻጯ ግን ትናቃለች። መድኃኒቱን ሁሉ እየፈለገ መድኃኒተኛዪቱን መናቅ የዚያ ዘመን ነውር ነበር፤ የዚያ ዘመን ብቻ እንደ ሆነም አንምልም። ይህች የኮሶ ነገር በኋላ ከካሣ ሕይወት ውስጥ ተመልሳ ትመጣለችና አንባቢ ያስታውሳት።

ልጁ ፊደል ይቈጥር፥ ዳዊትም ይደግም ዘንድ በጎንደርና በጣና መካከል ባለው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገባ። በዚያ ሳለ በጦርነት የተሸነፈ አንድ መስፍን በድል አድራጊዎቹ ላይ ሊበቀል ፈልጎ፥ ልጆቻቸው የሚማሩበትን ገዳም ወርሮ ተማሪዎቹን ፈጃቸው፤ ካሣ በሌሊት ሸሽቶ አመለጠ ይባላል። የአብነት ተማሪ ቤት ምን እንደ ሆነ የምናውቅ እኛ ይህን ስንሰማ እናዝናለን። ሕፃኑ ስለ ጌትነትና ስለ ሎሌነት የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ከመምህሩ ሳይሆን ከዚያች ሌሊት ነው፤ ጌቶች በተጣሉ ጊዜ የሚሞተው ነገሩ የማያገባው እንደ ሆነ በዓይኑ አየ።

ከዚህ በኋላ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ሄዶ አደረ። ደጃዝማች ክንፉ ደምቢያንና ቋራን የሚገዙ፥ የሱዳንን ወሰን የሚጠብቁ ጀግና ነበሩ፤ በሚያዝያ 1829 ዓ.ም. የግብፅን መንግሥት ጦር በወድ ከልታቡ ድል አድርገዋል። ካሣ ፈረስ መጋለብን፥ ሰው ማዘዝንና መታዘዝን የተማረው በዚህ ቤት ነው። የሚያከብረውን ጌታ ማገልገል ለወጣት እንዴት ያለ ሀብት እንደ ሆነ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሞቱ፤ ያ ሀብትም አብሮ አለፈ።

በዚያ ጊዜ በጎንደር የነገሡት ነገሥታት ስም ብቻ ነበሩ፤ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በተቀመጡት በራስ ዓሊና በእናታቸው በእቴጌ መነን እጅ ነበር። የደጃዝማች ክንፉን አገር፥ ደምቢያንም ቋራንም፥ እቴጌ መነን ወሰዱት። ካሣ የአባቱ አገር በሌላ ሰው ሲገዛ እያየ የሎሌ ሎሌ ሆኖ መኖርን እንቢ አለና ወደ ቋራ በረሓ ወርዶ ሸፈተ። የመጀመሪያው አለቃቀቅ ይህ ነው።

ሽፍትነት ሲሉት ቀላል ይመስላል። በቋራ ቆላ በክረምት ጥቁሩ መሬት እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ውኃው ይርቃል፤ ንዳዱም የደጋውን ሰው ያነሣዋል። ካሣ የሰበሰባቸው ሰዎች እንደ እርሱ ያለ ርስት የቀሩ፥ ዕዳ የያዛቸው፥ ከጌታ የተጣሉ ነበሩ። ይህን ስናነብ ልበ አምላክ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በዓዶላም ዋሻ ሳለ ወደ እርሱ የተሰበሰቡትን 400 ሰዎች እናስባለን፤ እነርሱም የተጨነቁና ዕዳ ያለባቸው ልባቸውም የተከፋ ነበሩ። ዜና መዋዕሉን የጻፉት ደብተራ ዘነብ እንደሚያወሱት፥ ካሣ ያገኘውን ገንዘብ ለገበሬ እያካፈለ ማረሻ እንዲገዛበት ያደርግ ነበር። ከሌላው ቀማኛ የለየው ይህ ነው። አገልግሎትን ቢለቅም ሥራን አልለቀቀም።

እቴጌ መነን በጦር ሊይዙት ስላልቻሉ በጋብቻ ሊይዙት አሰቡ። በ1837 ዓ.ም. የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት፤ አገርም ሰጡት። ሳኦል ለዳዊት ሜልኮልን የሰጠው ወጥመድ ትሆነው ዘንድ ነበረ፤ እርስዋ ግን ባሏን በመስኮት አውርዳ ከአባቷ እጅ አዳነችው። ወይዘሮ ተዋበችም እንዲሁ ሆኑ። የተላኩበት ባልየውን ለማሰር ነበረ፤ እርሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባቸው ከባላቸው ጋር ሆነ፤ እስከ ሞታቸውም አልተለወጡም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የአቋማቸው ነገር እኛን የሚያስደንቀን የእርሳቸው ነው።

ካሣ አማች ሆኖ ወደ አገልግሎት ተመለሰ። ክብር ያገኘ መስሎት ነበር፤ ያገኘው ግን ደጅ ጥናት ነው። በቤተ መንግሥቱ ያሉት መኳንንት የቈላ ሽፍታ አድርገው ያዩት ነበር፤ የእናቱንም ኮሶ ሻጭነት እያነሡ ይሣለቁበት ነበር። ከዚያ ዘመን የተነገረ አንድ ነገር አለ። ካሣ በጦርነት ቈስሎ ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ ለሕክምናው አንድ ላም ጠየቀ፤ ካሣም በእጁ ስላልነበረ ወደ እቴጌይቱ ላከ፤ እርሳቸው ግን ላሟን ትተው ጥቂት ሥጋ ላኩለት። ሥጋው ሲመጣ ከካሣ ይልቅ የተቈጡት ወይዘሮ ተዋበች ነበሩ፤ ባላቸውም ከዚህ ውርደት እንዲወጣ ያነሣሡት እርሳቸው ናቸው ይባላል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ላም ስለ ቀረ አልነበረም። ሰው በሚያገለግልበት ቤት ስጦታ ቢያንስበት ይታገሣል፤ የስጦታው ማነስ ሆን ተብሎ ልኩን ሊነግሩት የተደረገ መሆኑን ያወቀ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

በ1839 ዓ.ም. መጀመሪያ ካሣ ሁለተኛ ሸፈተ፤ ደምቢያንም ያዘ። እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉትን ሰው ጦር አስይዘው ላኩበት። እኒህም ሰው የኮሶ ሻጪቱን ልጅ ይዘው እንደሚመጡ ፎክረው ሄዱ። ሲዋጉ ተሸነፉና ተማረኩ። ካሣም አልገደላቸውም፤ እናቱ ኮሶውን ሳትሸጠው ስለ ቀረች ይህን ይብሉ ብሎ ኮሶ ብዙ አድርጎ አጠጣቸው። ይህን ሲሰማ የማይሥቅ የለም፤ እኛም በልጅነታችን ስንሰማ ሥቀናል። አሁን ግን ስናስበው ሣቁ ይቀንስብናል። የኮሶው ነገር ካሣ ከእቴጌይቱ ቤት ቢወጣም ስድቡ አብሮት እንደ ወጣ ያሳያል። አገሩን ለቀቀ፤ ቂሙን ግን አልለቀቀም።

በጥር ወር ጎንደርን ያዘ፤ በሰኔም እቴጌ መነንን ራሳቸውን ድል አድርጎ ማረካቸው። እነሆ ያዋረዱት ጌታ በእጁ ገቡ። ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ሳኦልን ባገኘው ጊዜ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቈርጦ ለቀቀው፤ ያንንም ስላደረገ ልቡ መታው። ካሣ እቴጌይቱን አልገደላቸውም፤ ወደ ልጃቸውም መለሳቸው፤ ነገር ግን አገር ተቀብሎ፥ ሹመቱንም አስጸድቆ ነው። ደጃዝማች የሚባለውን ማዕርግ የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ከዳዊት ጋር ማስተካከል አንችልም፤ ከዘመኑ መሳፍንት ጋር ስናስተያየው ግን የሚመሰገን ነው፤ በዚያ ዘመን የተማረከ ጌታ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ፀሐይ አያይም ነበርና።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢፈጸም ኖሮ፥ የተናቀ አገልጋይ ለቅቆ ወጣ፥ ድል አደረገ፥ ተሾመ፥ ተብሎ የሚተረት በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1840 ዓ.ም. ካሣ ብዙ ሠራዊት ይዞ ወደ ሱዳን ወረደ፤ በደባርቂም ከግብፅ ጦር ጋር ተገናኘ። የግብፆቹ ቍጥር ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ምሽግ ይዘው፥ በሥርዓት ተሰልፈው፥ በመድፍና በጠመንጃ ጠበቁት። ፈረሰኛው በድፍረት ሲገባ እንደ አጨዳ ወደቀ። ካሣ ተሸንፎ፥ ብዙ ወገኖቹን በዚያ ቆላ ትቶ ተመለሰ። የሀበሻ ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ ያወቀው በዚያ ቀን ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ብዙ ጸሓፊዎች በአንድ መስመር የሚያልፉት ነው፤ እኛ ግን የዚህ ሁሉ ታሪክ ልብ እርሱ ይመስለናል። ካሣ በ1841 ዓ.ም. ገደማ ከራስ ዓሊ ጋር ታርቆ ገባ፤ ወደ ሦስት ዓመትም አገለገላቸው።

ይህን እናስበው። እናታቸውን ማርኮ የነበረ ሰው ነው። ጎንደርን ይዞ የነበረ ሰው ነው። በደብረ ታቦር አዳራሽ ሲገባ የተሣለቁበት መኳንንት እዚያው ተቀምጠዋል፤ የደባርቂን ሽንፈት ሰምተዋል፤ ምን እንደሚያስቡም እርሱ ያውቃል። ጐንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ራስ ዓሊ በጎጃም ከደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋር ሲዋጉ ተጠርቶ ዘመተ፤ በታዘዘበት ሄደ። ራስ ዓሊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለሁሉ እሺ የሚሉ፥ ዛሬ የሾሙትን ነገ የሚያስከፉ፥ ጠብ ሲነሣ ለሁለቱም ወገን ተስፋ የሚሰጡ ጌታ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጌታ ሥር የኖረ ሰው ከጨካኝ ጌታ ይልቅ እንደሚያስቸግር ያውቃል። ጨካኙን ትፈራዋለህ፤ ይህኛውን ግን ትጠብቀዋለህ፤ መጠበቅም ዕድሜ ይበላል።

በዚህ ሦስት ዓመት ካሣ ምን ያደርግ ነበር? ብንል፥ ይሠራ ነበር። የደባርቂን ነገር አልረሳውም። ወታደሩ በየመንደሩ እየተበተነ የገበሬ እህል የሚበላ መንጋ ሳይሆን በሥርዓት የሚቆም እንዲሆን ይጥር ነበር። ጠመንጃ ይሰበስብ ነበር። ጌታው የማይጠይቀውን፥ የማያመሰግንበትንም ሥራ በገዛ ራሱ ላይ ጣለ። የደጅ ጥናቱ ሰዓት ባዶ ሆኖ እንዳያልፍ አደረገው ማለት ነው። ሰዎች ካሣ የተነሣው በቍጣው ነው ይላሉ፤ እኛ ደግሞ በቍጣው ቢሆን ኖሮ በ1839 ዓ.ም. የነበረው በበቃ እንል ዘንድ እንደፍራለን። በ1839 ዓ.ም. ቍጣ ነበረው፤ በ1840 ዓ.ም. ቍጣው ምን ያህል እንደሚያደርስ አየ፤ ከ1841 እስከ 1844 ዓ.ም. የተዘጋጀው ግን ሌላ ሰው ነው።

በ1844 ዓ.ም. ራስ ዓሊ እንደ ገና ወደ ጎጃም እንዲዘምት አዘዙት። ካሣ አልሄደም። የሦስተኛው አለቃቀቅ አጀማመር ይህ ብቻ ነው፤ ከተማ አልያዘም፥ የማንንም ቤት አላቃጠለም፥ እንቢ አለ እንጂ። ራስ ዓሊም አገሩን ነጥቀው ለደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰጡ፤ ደጃዝማች ጎሹም ጦር ይዘው መጡ። ካሣ ደምቢያን ትቶ ወደ ተወለደበት ወደ ቋራ ወረደ። ክረምቱ በቆላ ሲሆን የደጋ ሠራዊት ደፍሮ አይወርድም፤ ሌላውን የሚገድለው ጭቃና ንዳድ ለቋራ ልጅ ምሽግ ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚያው በረሓ ምንም ሳይኖረው ተቀምጦ ነበር። አሁን ግን የያዘው ሠራዊት እርሱን ብቻ የሚሰማ፥ እርሱ ራሱ ያስተማረው ነበር።

የቀረውን በአጭር እናልፈዋለን፤ የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ያወሩታልና። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹ ሞቱ። ሚያዝያ 5 ቀን ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ በአንድነት የላኩት ጦር በጎርጎራ በኩል ተሸነፈ። ሰኔ 23 ቀን በዐይሻል ራስ ዓሊ ራሳቸው ድል ሆነው ሸሹ፤ የመሳፍንቱም ዘመን በዚያ ተቈረጠ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በሰሜን ደጃዝማች ውቤ ተማረኩ፤ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም አቡነ ሰላማ ካሣን ቀብተው፥ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

በጉር አምባ ስለ ሆነው አንድ ነገር ግን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ከውጊያው በፊት የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ በሁለቱ ሠራዊት መካከል ካሣን እየሰደበ ዘፈነ። ጌታው ከሞቱ በኋላ ተይዞ ቀረበ፤ በራሱ ላይ ሌላ ግጥም ገጥሞ ምሕረት ለመነ፤ ግን በዱላ ተደብድቦ ሞተ። አዝማሪ የሚናገረው የጌታውን አፍ ነው፤ ደጃዝማች ወንድይራድን የማረ ካሣ ይህን ድኻ ሊምር በተገባው ነበር። የኮሶው ቍስል ሦስት ዓመት ትዕግሥት እንኳ ያልሻረው መሆኑን የምናይበት ይህ ነው፤ በኋላ በመንግሥታቸው ላይ የሆነውንም ስናይ ወደዚህ አዝማሪ እየተመለስን እናስባለን።

ወይዘሮ ተዋበችስ? በዐይሻል አባታቸው ሲሸሹ እርሳቸው ከባላቸው ጋር ነበሩ። በአባትና በባል መካከል መቆም ለሴት ልጅ እንዴት ያለ መከራ እንደ ሆነ ጸሓፊዎች አልጻፉልንም። እቴጌ ሆኑ፤ ንጉሡን በቍጣቸው ጊዜ የሚያበርዱ፥ ቃላቸው የሚሰማ እርሳቸው ነበሩ። በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡን የሚያበርድ ሰው አልተገኘም።

አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት በሰው ደጅ የቆሙት ካሣ ዛሬ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነው ሌላው በእርሳቸው ደጅ ይቆማል። የተናቀ አገልጋይ ሲሾም የአገልጋዩን ልብ ያውቃል ብለን እንጠብቃለን። በመጀመሪያው እንዲሁ ነበሩ፤ ወታደሩ የገበሬውን ቤት እንዳይዘርፍ ከለከሉ፤ ተዘዋውሮ ድኻ የሚያይ ንጉሥ እንደ ነበሩ ያዩዋቸው መስክረዋል። ኋላ ግን ከእርሳቸው ቤት መልቀቅ የማይቻል ሆነ። አቡነ ሰላማ ዘውድ የጫኑላቸው ጳጳስ ነበሩ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን መሬትና ስለ ካህናት ቍጥር በተነሣው ክርክር ተጣሉ፤ ወደ ግብፅ እንዳይመለሱ፥ መንበራቸውንም እንዳይሠሩበት ሆነው በመቅደላ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ወንጌል ሊያስተምሩ ከክሪሾና የመጡት የእጅ ባለሙያዎች በጋፋት መድፍ እንዲያፈስሱ ታዘዙ፤ ሴባስቶፖልን ሠሩ፤ የመጡበትን ሥራ ግን ሳይሠሩት ዓመታቸው አለቀ።

በመተማም በኩል የገባ አንድ እንግዳ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የታሰሩትን ቆንስልና ወገኖቹን እንዲያስፈታ የላከው ሆርሙዝድ ራሳም የሚባለው የሞሱል ተወላጅ፥ ከሐምሌ 1856 ዓ.ም. ጀምሮ በምጽዋ ተቀምጦ የመግቢያ ፈቃድ ከዓመት በላይ ጠበቀ። ሥራው እንዲያ ያለ አሰልቺ ሆኖበት ሳለ አልለቀቀም። በመጨረሻ በከሰላ ዞሮ በኅዳር 1858 ዓ.ም. ከመተማ ገበያ ደረሰ፤ ከዚያም በጭልጋ መንገድ ወጣ። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ ብዙም ሳይቈይ እርሱንም ከሌሎቹ ጋር አሰሩት። አንዳንድ ጊዜ መጽናትም ወደ እስር ቤት ያደርሳል፤ ይህንንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል።

ሊሄድ የቻለ ሁሉ ሄደ። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። በዋግ፥ በትግሬ፥ በጎጃም መኳንንቱ እየሸፈቱ ቀሩ፤ ልክ ካሣ ቋራ እንደ ወረደው። ወታደሩ ሌሊት ሌሊት እየከዳ ሰፈሩ ጠበበ። ንጉሡም በ1859 ዓ.ም. በጎንደር ላይ ያደረጉት፥ አብያተ ክርስቲያናቱን መዝረፋቸውና ማቃጠላቸው፥ እኛ ካህናት ስንጽፈው እጃችን የሚከብድበት ነው። እርሳቸው ዳዊት የደገሙበት አገር፥ እናታቸው ኮሶ የሸጡበት ከተማ ነበር።

የቀሩም ነበሩ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከጥንት ጀምሮ አብረዋቸው የነበሩ ሰው ናቸው፤ በ1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ በእንግሊዞች ጥይት ወደቁ። ንጉሡ ቍጣቸው ሲያይል ያዩ፥ የሸሹትንም በስማቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ መንገዱም ለእርሳቸው የተዘጋ አልነበረም። ለምን እንደ ቀሩ አልጻፉልንም፤ ቋንቋቸው ሥራቸው ነበረና።

ትንሣኤ እሑድ አለፈ። በማግሥቱ በማዕዶት ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ መውጣት በጀመረ ጊዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ዕድሜያቸውን ሁሉ ያላደረጉትን አንድ ነገር አደረጉ። የቀሩትን ሰዎቻቸውን ከመሐላቸው ፈትተው ነፍሳቸውን ያድኑ ዘንድ አሰናበቷቸው። ማንም ሳይከዳ፥ ማንም ሳይሸፍት፥ ጌታው ራሳቸው በሩን ከፈቱ። ብዙዎቹ በአምባው ጀርባ ወርደው ሄዱ፤ ስለ ሄዱም የሚነቅፋቸው የለም። አሽከራቸው ወልደ ጋብር ግን አልሄደም።